የአባት ቅርስ አምፕሊፋየር፦ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስሁት ኳድ 303 አምፕሊፋየር ይጉረመረማል፤ ወፍራሙም ድምፅ ሳስቷል። ላሳድሰው ወይስ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር፣ ፒተር ዎከር በመሠረተው ፋብሪካ መሠራት የጀመረው ይህ መሣሪያ፣ ለግራና ለቀኝ 45፣ 45 ዋት የሚሰጥ፣ አሠራሩም ጽኑዕ በመሆኑ፣ አረጀ ተብሎ የሚጣል አይደለም። በውስጡ መዋቲ የሆነው ክፍል ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩ ነው፤ ይኸውም ያዘለው ፈሳሽ በዘመናት ብዛት ሲደርቅ፣ የመብራቱን ኃይል አጥርቶ ማሳለፍ ይሳነውና ጉርምርምታው ይሰማል፤ በ303 ደግሞ ሙዚቃው ራሱ ወደ ስፒከሩ የሚያልፈው በትልቅ ካፓሲተር በኩል ስለ ሆነ፣ የእርሱ መድከም የወፍራሙን ድምፅ ግርማ ይነሣዋል። እንግዲህ እነዚህን ካፓሲተሮች በሙሉ ያስለውጡ፤ ትራንስፎርመሩ ግን ደኅና እስከ ሆነ ድረስ በነበረበት ይጽና። ማሻሻያ እየተባለ የሚሸጠውን ሁሉ መጨመር፣ በእኔ አስተያየት፣ የሠሪውን ምሉዕ ሐሳብ ማፍረስ ነው። አዲስ መግዛት የሚገባው ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ እንደ ሆነ፣ ወይም ስፒከርዎ ከ45 ዋት በላይ የሚሻ እንደ ሆነ ነው። መሣሪያው ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ እባክዎን ራስዎ ሳይከፍቱት ለባለሙያ ይስጡት።