የአባባ ቮልስ የማን ናት?

 

በተለያየ መልክ ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። አባት ይሞታል፤ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቮልስ ቆማ ትቀራለች። ልጅየው ሸራ አልብሷታል፣ ማንም እንዲነካት አይፈልግም። "ኡስታዝ፣ ብሸጣት አባባን የከዳሁት ይመስለኛል" ይላል።

ወንድሜ፣ ስሜትህን አላቃልልብህም። ቮልስ ውስጥ ያደገ ያውቀዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሽንኩርትና ከሰል ሲወጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይስቅ ነበር። የድሮዎቹማ የነዳጅ ጌጅ እንኳ አልነበራቸውም። ሞተሩ ጠፋ መለስ ማለት ሲጀምር ሹፌሩ እግሩ አካባቢ ያለችውን መዘውር ወደ መጠባበቂያው ያዞርና በቀረችው ነዳጅ ማደያ ይፈልጋል።

የእኔም አባት፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንዲት ነጭ ቮልስ ነበረችው። ለዓረፋ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ሰንብተን ስንመለስ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር የሚወስደው ዳገት ላይ ብዙ መኪና ፈልቶ ዳር ይዞ ይቆማል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የሚፈላ ውሃ የላትም። አባቴ ግን ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ ይጭን ነበር። ለእሷ አይደለም፤ ዳገቱ ላይ ለሚቆመው ሰው ነው። እኛ ልጆቹ "በቃ እንሂድ" እያልን ስንነጫነጭ እሱ ወርዶ ውሃ ያፈስላቸዋል። ተመልሶ መሪውን ከመያዙ በፊት የጉዞ ዱዓውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላል። ዱዓው ከሱረቱ ዙኽሩፍ 13ኛና 14ኛ አያዎች የተወሰደ ነው፤ መጓጓዣውን የገራልንን ጌታ አጥርተን ወደ እርሱ ተመላሾች መሆናችንን እንመሰክርበታለን። አባቶቻችን በየቀኑ ሞታቸውን እያስታወሱ ነበር ሞተር የሚያስነሱት።

መጓጓዣን መውደድ በራሱ ነውር የለውም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመሎቻቸው ስም ነበራቸው። ዐድባእ የምትባለው በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመል መጥቶ ቀደማት፤ ሶሓቦቹም ከፋቸው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዱንያ ነገር ከፍ ያለውን ሁሉ አላህ ዝቅ እንደሚያደርገው ነገሯቸው። ቮልስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ ያቺ የድሮዋ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ማብቂያዋ ሆነ። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የዞረ ሰው የቀረውን ይነግርሃል።

ታዲያ ለአባት ታማኝ መሆን ምኑ ላይ ነው? ሙስሊም የዘገቡት የዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ መልስ አለው። ወደ መካ ሲጓዙ የግመል ጉዞ ሲያደክማቸው የሚያርፉባት አንዲት አህያ ነበረቻቸው፤ ራሳቸው ላይ ደግሞ ጥምጣም። መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው አገኙ። ማንነቱን አረጋገጡና አህያዋንም ጥምጣሙንም ሰጡት። አብረዋቸው የነበሩት ተገረሙ፤ እንዲህ ያለው ሰው በትንሽም ደስ ይለዋል አሏቸው። ኢብኑ ዑመር ግን የዚህ ሰው አባት የአባታቸው የዑመር ወዳጅ እንደነበረ ገለጹ፤ ከበጎ ሥራ ሁሉ በላጩ አባት ከሞተ በኋላ ወዳጆቹን መቀጠል መሆኑን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደሰሙም ተናገሩ።

ልብ በል፤ የሰጡት የሚጋልቧትን ነው። ስለ አባታቸው ብለው መጓጓዣቸውን ለቀቁ እንጂ ሸራ አላለበሷትም።

አሁን ወደማይወደደው ክፍል ልምጣ። ሊብሬው አሁንም በአባትህ ስም ቢሆንም መኪናዋ የእሱ አይደለችም፤ ያንተም ብቻ አይደለችም። ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ ውርስ ናት። መጀመሪያ ዕዳው ይከፈላል፣ ለጋራዡ የቀረችውም ጭምር፤ ኑዛዜ ካለም በወሰኑ ይፈጸማል። ከዚያ የሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አያዎች ይሠራሉ። ለምሳሌ ዕዳው ተጣርቶ መኪናዋ 480 ሺህ ብር ብትገመት፣ አያቶችህ በሕይወት ባይኖሩ፣ ወራሾቹም እናትህ፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ብትሆኑ፣ እናትህ አንድ ስምንተኛውን 60 ሺህ ትወስዳለች። ከቀረው እህትህ 84 ሺህ፣ አንተና ወንድምህ እያንዳንዳችሁ 168 ሺህ ይደርሳችኋል።

"የአባባን ትዝታ አንሸጥም" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በእህት ላይ ነው። እሷ የልጆቿን ትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበች፣ ሐቋ ሸራ ሥር ዝገት ይበላዋል። አፍ አውጥታ ብትጠይቅ ደግሞ "ገንዘብ ወዳድ" ትባላለች። እህቴ፣ አላህ የደነገገልሽን ድርሻ መጠየቅ አባትሽን አለማክበር አይደለም። ሁላችሁም በሙሉ ፈቃዳችሁ ትቆይ ካላችሁ ትቆይ። ነገር ግን ማፈርና መፍቀድ ይለያያሉ፤ እህትህ ዝም ስላለች ፈቅዳለች አትበል።

አንተ ልታስቀራት ከፈለግህ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ መካኒክ ይገምታት። የሌሎቹን ድርሻ ክፈል፤ በአንዴ ካልቻልክ እነሱ ከተስማሙ ቀኑን ጽፋችሁ፣ ምስክር አቁማችሁ ተዋዋሉ። ከዚያ ያለ ቅሬታ አስነሳት።

ዛሬ ከጁምዓ ስትመለስ ደግሞ እናትህን አንድ ነገር ጠይቃት፤ አባባ በዚህች መኪና እነማንን ይወስድ ነበር? በሌሊት ምጥ የያዛትን ጎረቤት፣ አንዋር መስጂድ የሚያደርሳቸውን ሽማግሌ፣ አብሮት መርካቶ የሚወርደውን ጓደኛውን ትነግርሃለች። በሕይወት ያሉትን ስም ጻፍ። ከዐስር በፊት ለአንዱ ደውልለት፤ "የእገሌ ልጅ ነኝ" በለው።