በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት፤ አጠቃቀሙና አያያዙ

ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጊዜን የሚያውቀው ፀሐይን አይቶ፣ ጥላውን ለክቶ፣ የዶሮ ጩኸት ሰምቶ ነው። ይህ ዕውቀት ዛሬም ይጠቅማል። ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃ፣ ወደ ገበያ ለመሄድ ይበቃል። ነገር ግን ጥላ ደቂቃ አይቆጥርም። ሲደምንና ሲመሽ ደግሞ ጥላ የለም። መድኃኒት በየሰዓቱ ለመዋጥ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጥ፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ለማክበር፣ የታመመ ሕፃን ትንፋሽ ለመቁጠር ሰዓት ያስፈልጋል።

ዛሬ ብዙ ሰው ሰዓት የሚያየው በሞባይል ስልኩ ነው። ስልክ ግን ቻርጅ ካልተደረገ ይጠፋል። በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት መብራትም ባትሪም አይፈልግም። የሚፈልገው የባለቤቱን እጅ ብቻ ነው። ደህና ሰዓት በጥንቃቄ ከተያዘ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን በአንድ ክረምት ሊበላሽ ይችላል።

አንድ ነገር እናስተውል። የቆመ ሰዓት መቆሙ ይታያል። እየሄደ የሚሳሳት ሰዓት ግን ባለቤቱን ያታልላል። ስለዚህ ሰዓት ማሰር ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱ እውነት እንዲናገር መጠበቅ ያስፈልጋል።

1. ሰዓቱ እንዴት ይሠራል?

በሰዓቱ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭንና ረጅም ብረት አለ። ይህ ብረት ሞላ ይባላል። ወጥመድ ሲጠመድ የሚታጠፈው እንጨት ለመቃናት እንደሚታገል፣ የተጠቀለለው ሞላም ለመፈታት ይታገላል። ሞላው ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ መንኮራኩሮች ያዞራል። መንኮራኩሮቹም ቆጣሪዎቹን ያዞራሉ።

ሞላው በአንድ ጊዜ ተፈትቶ እንዳያልቅ የሚከለክል ሌላ መንኮራኩር አለ። ይህ መንኮራኩር እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር ሞላው ጥቂት ብቻ እንዲፈታ ይፈቅዳል። ሰዓቱን ወደ ጆሮ ስናስጠጋ የምንሰማው ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ለዚህ መንኮራኩር እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ የገጠመለት የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ሲሆን፣ ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1675 ነበር። ከዚያ በኋላ የኪስ ሰዓቶች ትክክለኛነት እጅግ ተሻሻለ።

ብዙ ቀደምት የእጅ ሰዓቶች በአንድ ሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታሉ። ይህም በአንድ ሰከንድ 5 ጊዜ ማለት ነው። በአንድ ቀን 432,000 ጊዜ ይሆናል። በሬ በቀን ጥቂት ሰዓት አርሶ ያርፋል። ሰዓት ግን ሌሊትም አያርፍም። ይህን ያህል የሚሠራ መሣሪያ ዘይትና ጽዳት ቢፈልግ የሚያስገርም አይደለም።

ሰዓታችሁ የሞላ ይሁን የባትሪ ለማወቅ ሰከንድ ቆጣሪውን ተመልከቱ። በአብዛኛው የባትሪ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ዘለል ይላል። የሞላ ሰዓት ግን በትንንሽ እርምጃ ሳያቋርጥ ይሄዳል። የመጀመሪያው የባትሪ ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ሲሆን፣ የሠራውም ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው።

2. ሰዓት አሞላል

በሰዓቱ ጎን ትንሽ ክብ መሙያ አለች። ሰዓቱን ለመሙላት፦

ሀ. መጀመሪያ ሰዓቱን ከእጃችሁ አውልቁ። እጅ ላይ እንዳለ ሲሞላ መሙያዋ ወደ ጎን ትጫናለች፤ በጊዜ ብዛትም ትላላለች።

ለ. መሙያዋን ሳትስቡ በሁለት ጣት ይዛችሁ በዝግታ ወደፊት አዙሩ።

ሐ. እንቢ ስትል አቁሙ። በጉልበት አታዙሩ። ሞላው ሊበጠስ ይችላል።

መ. በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሙሉ። ጧት ከእንቅልፍ ስትነሡ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ የሞላ ሰዓቶች አንድ ጊዜ ከተሞሉ ከ36 እስከ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። ሞላው ሊያልቅ ሲል ግን ሰዓቱ ትክክለኛነቱን ያጣል። ስለዚህ እስኪቆም አትጠብቁ።

አውቶማቲክ የሚባል ሰዓትም አለ። በዚህ ሰዓት ውስጥ የሚዞር ክብደት ስላለ እጅ ሲንቀሳቀስ ሞላው ራሱ ይሞላል። ሁለት ቀን ሳይታሰር ከዋለ ግን ይቆማል። በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ከ20 እስከ 30 ጊዜ በመሙያው አዙሮ መቀስቀስ ይቻላል።

3. በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ?

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። እኛ ከጧቱ 1 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 7 ሰዓት ይለዋል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ሰዓቱ በፈረንጅ ተሞልቶ ሰዓት ቆጣሪው 7 ላይ ቢሆን፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር እናንብ። 1 እናገኛለን።

በየትኛውም መንገድ መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ቤተሰቡ በአንዱ ይስማማ። ባል በሐበሻ፣ ሚስት በፈረንጅ ካነበቡ የመድኃኒት ሰዓት ይሳሳታል። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በአውቶቡስ ቲኬት ወይም በቀጠሮ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሰዓት ግን «በሐበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። 6 ሰዓት ዘግይቶ መድረስ ግን ጉዳት ነው።

አንዳንድ ሰዓት ቀንም ያሳያል። ይህ ቁጥር የተሠራው ለፈረንጅ ወር ስለሆነ እስከ 31 ይቆጥራል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜ ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ናት። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ቁጥሩን ወደ 1 መመለስ የእናንተ ሥራ ነው። ቁጥሩን በመሙያዋ ስትለውጡ ሰዓት ቆጣሪው ወደ ታች፣ 6 ቁጥር አጠገብ ይሁን። ከ9 እስከ 3 ባለው በላይኛው በኩል ሲሆን የቀን መለወጫው ጥርስ ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል ሊሰበር ይችላል።

ሰዓቱን በሐበሻ የምትሞሉ ከሆነ ቀኑ በንጋት 12 ሰዓት እንዲለወጥ አድርጉ። ቆጣሪዎቹን ቀኑ እስኪዘል ወደፊት አዙሩ። የዘለለበት 12 ሰዓት የንጋቱ ነው ብላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

4. የሰዓት ጠላቶች

ውሃ። በጀርባው ላይ ውሃ አያስገባም የሚል ጽሑፍ ወይም 30 ሜትር የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል። ይህ ማለት 30 ሜትር ወደ ባሕር ይዛችሁ ግቡ ማለት አይደለም። ዝናብ ወይም እጅ ስትታጠቡ የሚረጭ ውሃ ቢነካው ይችላል ማለት ነው። ውሃውን የሚከለክለው ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። ጎማ ደግሞ ያረጃል። ስለዚህ ወንዝ ስትሻገሩ፣ ገላ ስትታጠቡ፣ ልብስ ስታጥቡ አውልቁት። በእርጥብ እጅ መሙያዋን አትሳቡ። በመስተዋቱ ውስጥ ጉም ከታየ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። እሳት ዳር አታስቀምጡት። በቶሎ ወደ ሰዓት ሠሪ ውሰዱት። ብረቱ ከዛገ ማዳኑ ይከብዳል።

ምት። እንጨት ስትፈልጡ፣ ድንጋይ ስትፈነቅሉ፣ በዶማ ስትቆፍሩ ሰዓቱን አውልቁ። ያ የሚወዛወዘው መንኮራኩር የቆመው ከፀጉር ጥቂት በሚወፍር እግር ላይ ነው። ጥሩ ሰዓት የምት መከላከያ ቢኖረውም በየቀኑ ሲመታ አይችልም።

አቧራ። በአውድማ ላይ የሚነሣ አቧራና እብቅ በመሙያዋ ሥርና በማሰሪያው መካከል ይገባል። ማታ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ላብ የነካው የቆዳ ማሰሪያ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሌሊት አውልቃችሁ ይናፈስ። የማሰሪያውን መያዣ ሽቦ በየጊዜው እዩ። ብዙ ሰዓት የሚጠፋው በሌባ ብቻ ሳይሆን በላላ ሽቦ ጭምር ነው።

ማግኔት። በሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ። ሰዓቱን ሬዲዮ ላይ ወይም ስልክ ላይ አታሳድሩት። ደህና ይሄድ የነበረ ሰዓት በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን ከጀመረ ማግኔት ነክቶት ይሆናል። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተገቢው መሣሪያ ካለ በጥቂት ጊዜ ያስለቅቀዋል።

5. ስሕተቱን መለካት

የትኛውም የሞላ ሰዓት ፍጹም ትክክል አይሆንም። በስዊዘርላንድ ክሮኖሜትር የሚባል ማረጋገጫ የሚያገኘው ሰዓት እንኳ ሲፈተን በአማካይ በቀን እስከ 4 ሰከንድ ቢዘገይ ወይም እስከ 6 ሰከንድ ቢፈጥን ይፈቀድለታል። በመንደር የምናየው ሰዓት ከዚህ የበለጠ ይሳሳታል።

ሰዓታችሁ በቀን 10 ሰከንድ ቢዘገይ በ30 ቀን 300 ሰከንድ ወይም 5 ደቂቃ ይዘገያል። በቀን 30 ሰከንድ ቢዘገይ ግን በወር 15 ደቂቃ ይሆናል። አውቶቡስ 15 ደቂቃ አይጠብቅም።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በሬዲዮ ወይም በስልክ አስተያዩት። ልዩነቱን በደብተር ጻፉ። ለምሳሌ «ሰኞ፣ 1 ደቂቃ ዘገየ» ብላችሁ ጻፉ። ለሰዓት ሠሪ «ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ ይህን ጽሑፍ ማሳየት ይበልጥ ይረዳዋል።

6. ሰዓት ሠሪ ዘንድ

የሰዓት ዘይት በጠብታ የሚለካ ትንሽ ዘይት ነው። በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፤ ከትቢያ ጋርም ይቀላቀላል። ያኔ ሰዓቱ ቢሄድም ብረት ብረትን እየበላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ከ4 እስከ 5 ዓመት አንድ ጊዜ ማጠብና ዘይት ማስቀየር ይገባል። ለብዙ ዓመት በሣጥን የተቀመጠ የአባት ሰዓት ካለም ሳይታጠብ በየቀኑ አትሠሩበት።

ጀርባውን በቢላዋ አትክፈቱ። የምግብ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የመኪና ዘይት አታስገቡ።

ሰዓቱን ስታስረክቡ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በጀርባው የተቀረጸ ቁጥር ካለ፣ ቁጥሩንና ያስረከባችሁበትን ቀን ጻፉ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የተለወጠ ዕቃ ካለ አሮጌውን እንዲመልስላችሁ ጠይቁ። መጻፍ የሚችል ሰው ንብረቱን በቃል ብቻ አያስረክብም።

7. ሰዓቱ ለምን ይጠቅማል?

የጤና ባለሙያ «በየ8 ሰዓቱ» ብሎ መድኃኒት ቢያዝ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። መድኃኒቱ በሥርዓቱ እንዲሠራ ሰዓቱ መጠበቅ አለበት።

ሕፃን ሲያስለውና ትንፋሹ ሲፋጠን ደግሞ ሰከንድ ቆጣሪው ሕይወት ሊያድን ይችላል። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ በጸጥታ እንዳለ ደረቱን ወይም ሆዱን ተመልከቱ። ለ1 ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። አንድ ሰው ሰዓቱን ይይ፤ ሌላው ይቁጠር። ቁጥሩ እንዲህ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፦

ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ፣ 60 ወይም ከዚያ በላይ፤
ከ2 ወር እስከ 12 ወር፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ፤
ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት፣ 40 ወይም ከዚያ በላይ።

ፈጣን ትንፋሽ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕፃኑ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም መጥባት ካቃተው ግን ለመቁጠር ጊዜ አታጥፉ። ወዲያው ሂዱ።

እንግዲህ ሰዓት ለጌጥ ብቻ የሚታሰር አይደለም። ጧት የሚሞላው፣ ማታ የሚጠርገው፣ በሳምንት የሚያስተያየው ባለቤት ካለው በችግር ቀን ይታመናል።

ጥያቄዎች

1. ሰዓቱን ለመሙላት ከእጅ ማውለቅ ለምን ያስፈልጋል?
2. ሰዓት በፈረንጅ ተሞልቶ ሰዓት ቆጣሪው 9 ላይ ቢሆን በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
3. ሰዓታችሁ በቀን 20 ሰከንድ ቢዘገይ በ30 ቀን ስንት ደቂቃ ይዘገያል?
4. በመስተዋቱ ውስጥ ጉም ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
5. የ8 ወር ሕፃን በ1 ደቂቃ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ምን ማድረግ ይገባል?
6. የቤታችሁን ሰዓት በዚህ ሳምንት አስተያዩ። ልዩነቱን በደብተራችሁ ጻፉ።