የጥይት ጉልበት ብቻውን ለምን አይበቃም? የትልልቅ የዱር እንስሳት አደን ፊዚክስ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ የከርከሮን ጥፋት ጠንቅቆ ያውቃል። ስለ አውሬ በተነሳ ጨዋታ ላይ «ከክላሽንኮቭና ከውጅግራ የቱ ይበልጣል?» የሚል ክርክር ቢመጣ ብዙው ሰው ለክላሽንኮቭ ይፈርዳል፤ ጥይቱ ፈጣን ነውና። ፊዚክስ ግን ከፍርዱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ጥይቱ ምን ያህል ጉልበት ይዟል? ምን ያህል ጠልቆ ይገባል? ከያዘው ጉልበትስ ምን ያህሉን በእንስሳው ውስጥ ይተዋል? የጥያቄው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ያልተስማማ ጥይት እንስሳውን ሳይገድል ያቆስላል። የቆሰለ እንስሳ ለቀናት ይሠቃያል፤ ጎሽን የመሰለ ኃይለኛ ከሆነም ተመልሶ አዳኙን ያጠቃል።

ጉልበትና ሞመንተም

እንቅስቃሴያዊ ጉልበት የክብደት መጠንና የፍጥነት ካሬ ብዜት ግማሽ ነው። ሞመንተም ደግሞ የክብደት መጠንና የፍጥነት ብዜት ነው። ስለዚህ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሞመንተም በእጥፍ፣ ጉልበት ግን በአራት እጥፍ ያድጋል።

በቀረርቶና በፉከራ ስሙ የሚነሳው ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራው «ፉዚ ግራ» የተባለ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእርሳስ ጥይቱ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣም በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይበራል። ስናሰላው ጉልበቱ 2,530 ጁል፣ ሞመንተሙ 11.3 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። የክላሽንኮቭ ጥይት ክብደት 8 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ነው፤ ጉልበቱ 2,045 ጁል፣ ሞመንተሙ 5.7 ይሆናል። አሮጌው ውጅግራ በጉልበት የሚበልጠው በሩብ ገደማ ብቻ ሲሆን በሞመንተም ግን እጥፍ ነው።

የስዊድን ደንብ እንቆቅልሽ

በስካንዲኔቪያ አገሮች በየመጸው የሚታደን፣ ኖርዌያውያን «ኤልግ» የሚሉት ግዙፍ እንስሳ አለ። ወንዱ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። የስዊድን ደንብ ለዚህ አደን ሁለት አማራጭ ይሰጣል። ጥይቱ ቢያንስ 9 ግራም ከሆነ በ100 ሜትር ርቀት ቢያንስ 2,700 ጁል ሊኖረው ይገባል፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። አንድ ግራም በመጨመሩ 700 ጁል የተቀነሰለት ለምንድን ነው?

እናስላው። 9 ግራሙ 2,700 ጁል የሚኖረው በሰከንድ 775 ሜትር ሲበር ነው፤ ሞመንተሙም 7.0 ይሆናል። 10 ግራሙ 2,000 ጁል የሚኖረው በ632 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ሞመንተሙም 6.3 ይሆናል። በጉልበት ሲታዩ የተራራቁት ሁለቱ አማራጮች በሞመንተም ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው። ቀላሉ ጥይት የክብደቱን ጉድለት በፍጥነት እንዲያካክስ ተጠይቋል ማለት ነው።

ጥልቀትና መስፋት

ሥጋ ለጥይት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በውኃ ውስጥ እንደሚደረግ ጉዞ ሁሉ፣ በግምት ከጥይቱ የፊት ስፋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከዚህ ተነስተን የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ብንጽፍ፣ ጥይቱ የሚጠልቀው በዋናነት ክብደቱ ለፊት ስፋቱ ሲካፈል በሚገኘው መጠን እንደሆነ እናያለን። ረዥምና ከባድ ጥይት ከአጭርና ቀላል ጥይት ይልቅ ጠልቆ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የአደን ጥይት ግን ሌላ ባሕርይ አለው፤ ሥጋ ሲነካ አፍንጫው እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲሰፋ የፊት ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ተቃውሞውም እንዲሁ። ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ በመንገዱ የሚተወው ጉልበት ግን ይጨምራል። 11.7 ግራም የሚመዝን ጥይት በ750 ሜትር በሰከንድ ገብቶ በ250 ቢወጣ፣ ይዞ የሚወጣው የጉልበቱን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። ሙሉ የብረት ሽፋን ያለው የጦር ጥይት ግን ባለመስፋቱ ብዙ ጊዜ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፤ ከእንስሳው ጀርባ ላለ ሰውም አደጋ ነው። የሚሰፋ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1899 በወጣው የሄግ መግለጫ በጦርነት ታግዷል። ስዊድንን በመሳሰሉ አገሮች ግን ለትልቅ እንስሳ አደን ግዴታ ነው፤ እንስሳው ሳይሠቃይ እንዲሞት ይፈለጋልና።

ጥይት እንስሳን ገፍቶ ይጥላልን?

በፊልም ላይ የተመታ ሁሉ ወደ ኋላ ይወረወራል። ከላይ የጠቀስነው ጥይት 8.8 ሞመንተም አለው። 250 ኪሎ ግራም በሚመዝን እንስሳ ውስጥ ቢቀር፣ በሞመንተም ጥበቃ ሕግ መሠረት የእንስሳው ፍጥነት በሰከንድ 3.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከኤሊ እርምጃ ያነሰ ነው። እንስሳውን የሚጥለው ግፊቱ ሳይሆን በልብ፣ በሳንባ ወይም በነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ የትኛውም ጥይት የተሳሳተ ዒላማን አያርምም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በ10 ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ለእርሱ የሚስማማው የሚሰፋ፣ ከ11 ግራም የማያንስ ጥይት ነው። ቆዳውና አጥንቱ ጠንካራ ለሆነው ጎሽ ግን ብዙ አዳኞች 19 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ሞመንተሙ ወደ 15 የሚጠጋ ጥይት ይመርጣሉ። የክላሽንኮቭ ጥይት በስዊድኑ ደንብ ሲመዘን በክብደቱም፣ በጉልበቱም፣ በአሠራሩም ይወድቃል። በአገራችን በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑም አይዘነጋ።

እንግዲህ ለመግቢያው ክርክር የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ «ፈጣን ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ክብደቱ፣ ስፋቱና አሠራሩ አብረው ይመዘኑ። አንባቢም እጁን እንዲያፍታታ አንድ መልመጃ እንተውለት፦ 12 ግራም የሚመዝን ጥይት 2,000 ጁል እንዲኖረው ፍጥነቱ ስንት መሆን አለበት? ሞመንተሙስ ከ10 ግራሙ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?