ለመኖሪያ ቤት ጣሪያ የሶላር ፓነል አቅም ግመታ፦ በዓመታዊ አማካይ ወይስ በክረምት ጨረር? የቢቸና ምሳሌ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት በቢቸና ከተማ የሚገኝን አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ በምሳሌነት ወስዶ የፓነል አቅምና የሚመነጨው ኃይል እንዴት እንደሚገመት ያሳያል። በዓመታዊ አማካይ ጨረር ብቻ የተሠራ ግምት በክረምት ከሩብ በላይ የኃይል ጉድለት ሊያስከትል እንደሚችልም በስሌት ያመለክታል።

መግቢያ

ቢቸና በ10.4 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቀዝቃዛው የደጋ አየር ለፓነል ይስማማል፤ የሲሊከን ፓነል የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከአቅሙ 0.4 በመቶ ያህል ያጣልና። ይሁን እንጂ የክረምቱ ደመና ጨረሩን ይቀንሳል። በፓነልና በባትሪ ብቻ የሚተዳደር ቤት የሚፈተነውም በዚህ ወቅት ነው።

ዘዴ

የፓነል አቅም = የዕለት ፍላጎት ÷ (የዕለት ጨረር × የሥርዓቱ ብቃት)

ለምሳሌው ቤት የዕለት ፍላጎት የተያዘው እንደሚከተለው ነው፦ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 270፣ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 240፣ ስልክና ሬዲዮ 90፣ አነስተኛ ማቀዝቀዣ 900፣ በድምሩ 1,500 ዋት ሰዓት። የባትሪ፣ የኢንቨርተር፣ የሽቦና የአቧራ ብክነት ታስቦ የሥርዓቱ ብቃት 0.65 ሆኗል። በአንድ ካሬ ሜትር አግድም ገጽ ላይ የሚያርፈው የዕለት ጨረር በዓመት አማካይ 5.8፣ በክረምት 4.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚል መነሻ ተወስዷል፤ ለተለየ ቦታ በዚያው ቦታ ልኬት ሊተካ ይገባል።

ውጤትና ትንታኔ

በዓመታዊ አማካይ ሲሰላ 400 ዋት፣ በክረምት ጨረር ሲሰላ 550 ዋት ያህል ፓነል ያስፈልጋል። ባለ 400 ዋቱ በክረምት የሚሰጠው 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ጉድለቱ 27 በመቶ ይደርሳል። ባትሪ መጨመር ይህን አይፈታም፤ ባትሪ የተረፈውን ያሳድራል እንጂ ያልመነጨውን አይፈጥርም።

የጣሪያ ስፋት ግን ችግር አይደለም። ብቃቱ 20 በመቶ የሆነ ባለ 550 ዋት ፓነል የሚይዘው 2.75 ካሬ ሜትር ነው። 30 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው አንድ የጣሪያ ክንፍ 60 በመቶው ብቻ ቢያገለግል 3.6 ኪሎ ዋት ይችላል። ምጣድ በፍላጎቱ ውስጥ አልተካተተም፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በአንድ ሰዓት ተኩል 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም የቤቱን የሦስት ቀን ተኩል ፍጆታ ይወስዳል።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ ፓነል ሁልጊዜ ወደ ደቡብ ይዙር የሚለው ምክር ለቢቸና እንዳለ አይሠራም። ከሚያዝያ 9 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በስተሰሜን ታልፋለች። ሰኔ 14 ቀን 15 ዲግሪ ያዘነበለ የደቡብ ክንፍ በእኩለ ቀን የሚያገኘው ቀጥተኛ ጨረር ከሰሜኑ ክንፍ በ12 በመቶ ያህል ያንሳል። ደመና ሲበዛ ልዩነቱ ይጠብባል። በበጋ የደቡቡ ክንፍ ይበልጣል፤ ሆኖም በጋ የጉድለት ወቅት አይደለም።

ማጠቃለያ

የፓነል አቅም ሊወሰን የሚገባው ዝቅተኛ ጨረር ባለው ወር ነው። ጣሪያው ወደ ሰሜን ያዘነበለ ቤተሰብም ፓነሉን ወደ ደቡብ ለማዞር ለተለየ የብረት መቆሚያ ከሚያወጣ፣ ገንዘቡን ለተጨማሪ ፓነል ቢያውለው ይሻላል።