ስለ ሴቶች የፊኛ ሕመምና ስለ መድኃኒቱ

ሴት ውሃ ሽንቷን ስትሸና ቢያቃጥላት፥ ቶሎ ቶሎም ቢያጣድፋት፥ ደዌው የሚያሳፍር አይደለም። የሴት የሽንት መውጫ አጭር ነውና፥ በአንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ተሐዋሲ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይወጣል።

መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፥ በአዲስ አበባ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ለምትነግደውም ሆነ ለባላገሪቱ ይህን ንገሩ። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል፤ ናይትሮፉራንቶይን ብዙ ጊዜ ለ5 ቀን ይታዘዛል። ሕመሙ በ2ኛው ቀን ቢተዋት እንኳ የታዘዘላትን ትፈጽም፤ ለጎረቤትም አታካፍል። ያለ ሥርዓት የተወሰደን መድኃኒት ተሐዋሲው ይለምደዋልና፤ አምፒሲሊን በአገራችን ዛሬ ብዙ ጊዜ አይገታውም።

ትኩሳት፥ የጎን ውጋት ወይም ትውከት ቢኖር፥ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፥ ደዌው ኵላሊትን እንዳይጎዳ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።