በራሳችን ለምንሠራው ሲኤንሲ ራውተር የትኛውን ድራይቨር እንምረጥ?

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ፣ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ ክፍል ነገ መምህር ሆኖ የሚቆመው የዛሬ ሠልጣኝ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። ይኸውም «መምህር፣ ሲኤንሲ ራውተር ራሳችን መሥራት አንችልም ወይ?» የሚል ነው። ይቻላል። ከተማችን እንደሆነ የቴክኒክ መምህር ማፍራት የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ የአሁኑ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። አካሉን ብየዳ የሚያውቅ ይበይደዋል፣ እንጨቱም ኩሽኔታውም ይገኛል። ገንዘብ የሚባክነው ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ላይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ድራይቨር በምትባለው ትንሽ ሣጥን ላይ። ከውጭ አገር የምትመጣ ዕቃ ስለሆነች ከተቃጠለች በማግሥቱ ሌላ አይተካም። ስለዚህ ዛሬ ስለ እርሷ እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ሥራዋን እንወቅ። ስቴፐር ሞተር እንደ ተራ ዲናሞ መብራት ስለሰጡት ብቻ አይሽከረከርም፤ የሚሄደው በእርምጃ ነው። በብዛት የሚገኘው ዓይነት አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ማለት ነው። አርዱይኖ የሚልከው የኤሌክትሪክ ምት ሞተር ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ድራይቨሯ ምቱን ተቀብላ በሞተሩ ሁለት ጥቅሎች ውስጥ በተራ በተራ ፍሰት ትለቃለች። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ በተለመደው አሠራር ሞተሩ «ደርሻለሁ» ብሎ የሚመልሰው ወሬ የለም። እርምጃ ከጎደለ ማሽኑ ሳያውቅ ይቀጥላል፤ በዋንዛው በር ላይ የተጀመረው ሐረግ መሐል ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሸሻል፣ የስንት ቀን ልፋት ማገዶ ይሆናል። እንግዲህ ድራይቨር የምንመርጠው እርምጃ እንዳይጎድል ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የማይክሮስቴፑን ቁጥር ነው። «ይቺ 32 ትላለች፣ ያቺ 8፤ 32 ይሻላል» ይላል። እርምጃን መከፋፈል እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፣ ድምፁንም ይቀንሳል፤ ጉልበት ግን አይጨምርም። ደግሞም ብዙ ምት ይጠይቃል። ብሎናችን በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ቢሆን፣ በ8 ስንከፍለው ለአንድ ሚሊ ሜትር 320 ምት፣ በ32 ስንከፍለው 1,280 ምት ያስፈልጋል። ጂአርቢኤል የተባለው ፕሮግራም በአርዱይኖ ኡኖ ላይ በሰከንድ የሚያወጣው 30,000 ያህል ምት ነው። ሲካፈል በመጀመሪያው በሰከንድ 93፣ በሁለተኛው 23 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለእንጨት ሥራ 8 ይበቃናል።

መታየት ያለበት አምፔሩ ነው። በገበያ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ኤ4988 እና ዲአርቪ8825 የታወቁት በሦስት አውታር ማተሚያዎች ነው፤ ፊታቸው 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ትናንሽ ሞተሮችን በደንብ ይነዳሉ። ኤ4988 ያለ ሙቀት ማስወጫ አሉሚኒየም 1 አምፔር ገደማ፣ ዲአርቪ8825 ደግሞ 1.5 ገደማ ቢችሉ ነው። ለራውተር የሚሆነው ሞተር ፊቱ 57 ሚሊ ሜትር፣ ፍላጎቱም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 አምፔር ነው። ለአህያ የግመል ጭነት እንደማለት ነው። ቲቢ6600 የሚል ስም ያላት ሣጥን ሻል ትላለች፤ ነገር ግን በዚህ ስም ከሚሸጡት መካከል ውስጣቸው ሌላ ቺፕ የሆነ ብዙዎች አሉ፤ በላይዋ የተጻፈውን 4 አምፔር እንደ ቃል ኪዳን አንቁጠረው። ለትምህርት ቤት ማሽን እኛ የምንመርጠው ዲኤም542 የተባለውን ዓይነት ነው፤ ከ20 እስከ 50 ቮልት፣ እስከ 4.2 አምፔር ይሠራል።

ይህ 4.2 የሚባለው ግን የጫፍ ቁጥር ነው። በሣጥኗ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ፍሰቱ ጫፍ ሲደርስ፣ ሌላው ሞተሩ በአማካይ የሚያገኘው ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሁለተኛውን 1.4 እጥፍ ያህል ነው። ሞተራችን 2.8 አምፔር ነው እንበል። ሠልጣኙ 2.84 የሚለውን ያይና «ይኸው ልኩ!» ብሎ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን በዚያ ያስተካክላል። ጎን ያለው ዓምድ ግን 2.03 ይላል፤ የሞተሩ ጉልበት ሩብ ያህሉ ሳይሠራ ቀረ ማለት ነው። ትክክለኛው 3.76 የሚለው መሥመር ነው፤ በአማካይ 2.69 ይሰጣል፣ ከ2.8ም አያልፍም።

ቮልቴጁስ? ጥቅሉ ፍሰት ቶሎ እንዲገባበት አይፈቅድም፤ ሞተሩ ሲፈጥን የሚደክመውም በዚህ ነው። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይህን ያሸንፋል። የተለመደው ስሌት የጥቅሉን ኢንዳክታንስ በሚሊ ሄንሪ ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን በ32 ማባዛት ነው። 2.25 ሚሊ ሄንሪ ከሆነ 1.5 ሲባዛ በ32፣ 48 ቮልት ይመጣል። ይህ ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ሞተር ድንገት ሲቆም ቮልቴጅ ወደ ኋላ ስለሚመልስ 50 ቮልት በምትችል ድራይቨር ላይ 48 መስጠት ገደል አፋፍ ላይ መቆም ነው። 36 ቮልት፣ 10 አምፔር የሆነ ፓወር ሰፕላይ ለሦስት ሞተር ይበቃል። መቼም ይህን ሳንናገር አናልፍም፦ በብዙዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ጎን 110 እና 220 የምትል ትንሽ ማዞሪያ አለች። የአገራችን መብራት 220 ነው፤ ሳያዩ መሰካት ዕቃውን በአንዴ ያቃጥለዋል። የመሬት ሽቦውም አይረሳ።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ወደ መተሐራ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ግን ይብሳል። በዚያ ላይ የስምጥ ሸለቆው ነፋስና አቧራ፣ የራሳችንም ሰጋቱራ አለ። ድራይቨሮቹን ከላሜራ በተሠራ ሣጥን ውስጥ፣ ጀርባቸውን ከብረቱ ጋር አጣብቀን፣ እርስ በርስ ሳይጠጋጉ ቀጥ አድርገን እንሰር፤ ፋኑ አየር በሚስብበት በኩል ማጣሪያ ስፖንጅ እናድርግ፤ በየሳምንቱም ይራገፍ።

ሽቦ ሲገናኝ የትኞቹ ሁለቱ የአንድ ጥቅል እንደሆኑ በቴስተር ይለያል። ቴስተር ከሌለ ሁለት ሽቦ አነካክተን ዘንጉን በእጅ ስናዞረው ከከበደን ጥንዶቹን አገኘን፤ ለተማሪ ሲያሳዩት ደስ የሚል ሙከራ ነው። ግን መብራት እያለ የሞተር ሽቦ ከድራይቨር ላይ አይነቀልም፤ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ቮልቴጅ ቺፑን ይገድላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቢላውን ገና አንሰር። በቦታው እርሳስ አስረን፣ ወረቀት ዘርግተን፣ ነጥብ አስነጥበን ማሽኑን ወዲያና ወዲህ 20 ጊዜ በፍጥነት እንላከውና ወደ መነሻው መልሰን እንደገና እናስነጥበው። ሁለቱ ነጥቦች ካልተደራረቡ እርምጃ ጎድሏል፤ ፍጥነቱን ወይም አጀማመሩን ዝቅ አድርገን እንደገና እንሞክራለን።