ሽመላ ባሕር ስትሻገር



አክስቴ የምትሠራው ስፔን አገር፣ ታሪፋ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ አንድ ትንሽ ሆቴል ውስጥ ነው። በነሐሴና በመስከረም ሆቴሉ የሚሞላው ለመዋኘት በመጡ ሰዎች ብቻ አይደለም። ወፍ ሊያዩ የመጡም አሉ። የዓመት ዕረፍታቸውን ወስደው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብለው ሩቅ በሚያሳይ መነጽር ሰማይ ሰማዩን ያያሉ! ጠዋት ሲነሡ አክስቴን የሚጠይቋት ስለ ቁርስ አይደለም፤ «ዛሬ ነፋሱ ከየት ነው?» ነው የሚሏት።

ነፋሱ ምን አገባቸው? ታሪፋ ያለችው ጅብራልታር ሰርጥ ዳር ነው። እዚያ አውሮፓና አፍሪካ በጣም ይቀራረባሉ፤ በመካከል ያለው ባሕር ጠባቡ ቦታ ላይ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፓ ብርድ ሊገባ ሲል የወፎቹ ምግብ ስለሚያልቅ ወደ አፍሪካ ይመጣሉ። ሽመላዎች ቀደም ብለው በነሐሴ ይሻገራሉ፤ እባብ የሚበሉ ንስሮች በመስከረም ይከተላሉ።

የሽመላ ክንፍ ሲዘረጋ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ይሄን ክንፍ ሁልጊዜ ብታራግበው ቶሎ ይደክማታል። በበጋ እኩለ ቀን ሜዳችን ላይ ፌስታል እየተሽከረከረ ወደ ላይ ሲወጣ አይታችሁ የለ? ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩም ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ሽመላ እዚያ አየር ውስጥ ገብታ እየዞረች ከፍ ትላለች፤ ከዚያ ክንፏን ዘርግታ እየተንሸራተተች ሩቅ ትሄዳለች። ባሕር ግን እንደ መሬት ቶሎ አይሞቅም። ባሕር ላይ መወጣጫ ደረጃ የላትም ማለት ነው። ለዚህ ነው ጠባቡን ቦታ የምትመርጠው።

ከምሥራቅ ሌቫንቴ የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ ወደ ሰፊው አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገፋታል። ውሃ ላይ ከደከማት ማረፊያ የለም፤ ትሰምጣለች። ስለዚህ ወፎቹ ነፋሱ እስኪበርድ ታሪፋ አካባቢ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ሰዎቹም አብረው ይጠብቃሉ። አካባቢው ላይ አዳማ እንዳሉት ዓይነት ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ማማዎች ሞልተዋል። ትልልቅ ወፎች ሲመጡ ተቆጣጣሪዎች ማሽኑን ያስቆማሉ። እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

እኛ አገር የሚመጡት ሽመላዎች ግን በሌላ መንገድ ነው የሚመጡት። ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥተው ኢስታንቡል ላይ ቦስፎረስን ይሻገራሉ፤ ከዚያ በእስራኤልና በሲና አድርገው የዓባይን ሸለቆ ይከተላሉ። ካርታ ላይ በጣታችሁ ተከተሉት፤ ሁለቱም መንገዶች ሜዲትራንያንን ይዞሩታል።

ድሮ አውሮፓውያን ሽመላዎቹ የት እንደሚከርሙ በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር አንዲት ሽመላ የአፍሪካ ጦር አንገቷ ላይ እንደተሰካ ተገኘች። ያንን ተሸክማ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጠችው! ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደርቃ ከነጦሯ ትታያለች። ይሄን ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ወንጭፍ የማይለየው አንዱ ልጅ ዝም አለ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ብዙ ትንንሽ ወፎች በሌሊት ባሕሩን በቀጥታ ያቋርጣሉ። ሽመላ የምትጓዘው ቀን ቀን የሆነው ለምንድን ነው? መልሱን እስከ ዓርብ ክበባችን ሳጥን ውስጥ አስገቡ።